የብርድ ልብሱ ሌላኛው ጫፍ

በዚያ ዓመት በደብረ ብርሃን ከተማ ከበሩ በላይ ቢጫ መብራት የሚበራበት ቤት አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሕንፃ ዘጠኝ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 1406፣ የእማማ ሄርሜላ ቤት። ቢጫ ማለት የቤቱ ሰው ማንን እንደሚመርጥ የምርጫ መዝገቡ ገና አላወቀም ማለት ነው። የሌላው ሰው መብራት ሁሉ ነጭ ነው። ነጭ የሆነ ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚስቅ፣ በምን እንደሚናደድ ታይቶ ድምፁ ተቆጥሮለታል። ወረፋ የለ፣ ሳጥን የለ፣ ጣት የሚነከርበት ቀለም የለ። ነጭ መብራት ያለበትን በር የሚያንኳኳም የለም። ገብቶ ምን ሊያደርግ?

እማማ ሄርሜላን ቢጫ አድርጎ ያስቀራቸው ሌላ ምስጢር እንዳይመስላችሁ። ይሉኝታ ነው።

ገዢው ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ሰው ለመለየት አምስት ዕጩዎችን ያወዳድር ነበር። አምስቱም በየተራ አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጡ፣ የእማማ ሄርሜላ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፣ አጃቢዎቻቸውም በር በሩን ያዙ። አምስቱም ጎንበስ ብለው ያንኑ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "እማማ፣ ከአንድ ዕጩ ምን ይፈልጋሉ?"

"ኧረ እኔ ምን እፈልጋለሁ ልጄ! እርስዎ እያሉ ሌላ ማን ይመረጣል?" አሉ ለአምስቱም።

ከእያንዳንዱ እንግዳ በኋላ ቤዛዊት የምትባል የመዝገብ ሠራተኛ በሚናገረው የቤቱ ግድግዳ በኩል ትደውላለች። ወስነዋል ወይ የሚለውን አንድ ጥያቄ ግድግዳው ሳይሆን ሰው እንዲጠይቀው ሕጉ ያዝዛል። ድምፅዋ ቀኑን ሙሉ ስታወራ የዋለች ሴት ድምፅ ነው።

"እማማ፣ ለአምስቱም እሺ ብለዋል እኮ።"

"አዎ፣ ብያለሁ።"

"መምረጥ የሚችሉት ግን አንዱን ነው።"

"ታዲያ ቤቴ ድረስ የመጣን ሰው፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ እምቢ ልበለው? በየት አገር ነው እንዲህ የሚደረገው?"

"እምቢ ማለት መብትዎ ነው።"

"መብቱማ መብት ነው። ነውርም ነው እንጂ።"

መዝገቡ ግራ ገባው። የልብ ምታቸውን መረመረ፣ የዓይናቸውን እይታ መረመረ፣ ለአምስቱም እሺ ሲሉ ከልባቸው ነው። እንግዳው ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ እውነትም ከልባቸው ነው። የሚከብዳቸው ሲሄድ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ይሉኝታው የሰራው የመጀመሪያውን ሰሞን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ገብቷቸዋል። ከወሰኑ መብራቱ ነጭ ይሆናል፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ማንም አይመጣም። ይህንን የሚያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ይወስን!

ባለቤታቸው ኢዮስያስ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ እማማ ሄርሜላ ሳሎኑን ባዶ አድርገው ስድስት ወንበር ደረደሩ። እድሩ ምንም አላጎደለም። አስከሬኑ በሰዓቱ ተነሣ፣ ምግቡ በየጥቅሉ ታሽጎ በሰዓቱ በር ላይ ደረሰ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በግድግዳው "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብሎ ላከ፤ ግድግዳውም ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም በተራ አነበበላቸው። ሰው ብቻ ነው ያልመጣው። ወንበሮቹ ሦስት ቀን እንደተደረደሩ ሰነበቱና በአራተኛው ቀን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሷቸው።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ማለዳ ግድግዳው "እንደምን አደሩ" ይላቸዋል። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ?" ይላሉ። "ይቅርታ፣ ጥያቄዎን አልተረዳሁም" ይላል። እንደማይረዳ ያውቃሉ፤ ግን ሰላም ብሎ የጠየቀን ነገር መልሶ አለመጠየቅ አሁንም ያሳፍራቸዋል። ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የጎረቤታቸው፣ የ1407ቱ ሰውዬ፣ ሳል ይሰማል። ሰባት ዓመት ሰምተውታል። የጠዋቱ ሳል ደረቅ ነው፣ የማታው አክታ አለበት፣ በጥቅምት ይብሳል። ስሙን ግን አያውቁትም። በር ማንኳኳት የዕጩዎች ሥራ ሆኖ ከቀረ ቆይቷል፤ ሌላ ሰው ቢያንኳኳ እንኳን የሚከፍት አይገኝም፣ ይደነግጣሉ።

እንግዲህ ወደ ብርድ ልብሱ እንምጣ።

እማማ ሄርሜላ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በመዳፋቸው እየዳሰሱ የላላውን፣ የተቋጠረውን፣ ክሩ የሳተውን ይለያሉ። ኢዮስያስ ማሸጊያ ክፍል ነበር። ሲጋቡ የፋብሪካው ሰው ተሰብስቦ አንድ ትልቅ የሱፍ ብርድ ልብስ ሰጣቸው፣ ሁለት አልጋ የሚያለብስ፣ ከባድ። ያንን ብርድ ልብስ አንድ ሰው ብቻውን ማጠፍ አይችልም። በየማለዳው እሳቸው ሁለት ጫፍ፣ እሱ ሁለት ጫፍ ይዘው ያራግፉታል፤ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ ሊያገናኙ ይጠጋጋሉ። ኢዮስያስ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው፤ በግራ እጁ ያለውን ጥግ በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ቀልበስ ያደርገዋል። የማሸጊያ ክፍል ሰው ሆኖ እንዲህ ማጠፍ! አርባ ዓመት ተቆጥተውታል።

"ይኼ ጥራት አያልፍም!"

"ተቆጣጣሪዋ ካሳለፈችው ያልፋል" ይላል እሱ፣ እየሳቀ።

እሱ ከሞተ ጀምሮ ብርድ ልብሱ ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አንዱን ጫፍ በአገጫቸው ይዘው ሞክረውታል፣ በመሳቢያ አስይዘው ሞክረውታል፣ መሬት ላይ ዘርግተው በጉልበታቸው እየዳሁ ሞክረውታል። አልሆነም። ሌላ ትንሽ ብርድ ልብስ ይግዙ ብሎ ግድግዳው ስንቴ ነገራቸው።

የመጀመሪያው ዕጩ የመጣ ዕለት ለአንድ አጃቢ ወንበር ሊለቁ ብርድ ልብሱን አነሡት፣ ተዘረጋባቸው። ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ ሌላው ጫፍ መሬት ነክቶ፣ መሐል ሳሎን ቆሙ። ዕጩው አየ። አየና ስለ ጡረታ ማውራቱን ቀጠለ። በዚያች ቅጽበት እማማ ሄርሜላ ከአንድ ዕጩ ምን እንደሚፈልጉ ዐወቁት። ተነሥቶ ያንን ጫፍ የሚይዝ ሰው ነው የሚፈልጉት። ሌላ ምንም አይደለም።

ግን አይናገሩትም። "ያዝልኝ ብዬው ከያዘማ ምኑን አየሁት?" ይላሉ ለራሳቸው። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሻዩ ቀርቦ፣ የገብስ ቆሎው ቀርቦ፣ "በልቼ ነው የመጣሁት" ከተባለ በኋላ (ያልተመዘገበ ምግብ እንዳይቀምሱ ተከልክለዋል መሰለኝ)፣ እማማ ቀስ ብለው ይነሡና ብርድ ልብሱን ይዘው ይቆማሉ። ይጠብቃሉ። አንደኛው አልያዘም። ሁለተኛው አልያዘም። ሦስተኛው "ውጭ ይበርዳል አይደል?" አለ። አራተኛዋና አምስተኛውም ቁጭ ብለው ተናግረው ቁጭ ካሉበት ተነሥተው ሄዱ።

ኅዳር ሲገባ ከአምስቱ ሁለት ቀሩ። ማራኪ ደሳለኝ የተባለችው የቀድሞ ሚኒስትርና ሱራፌል ቶሎሳ የተባለው መምህር የነበረ ሰው። ሁለቱ እኩል ለእኩል ሆኑ፣ መዝገቡም የቆጠረውን ቆጥሮ ሲጨርስ በመላ አገሪቱ ያልወሰነ የቀረ አንድ ሰው ብቻ አገኘ። ቤዛዊት ደወለች።

"እማማ፣ ሁለቱም እንደገና ይመጣሉ። ከሁለት አንዱን እምቢ ካሉ ሌላውን መረጡ ማለት ነው። ገባዎት?"

"ገብቶኛል። ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ።"

"አለቀ" አሉ እማማ ሄርሜላ፣ ለራሳቸው።

ማራኪ ማክሰኞ ጠዋት መጣች። ካሜራ ይዘው የመጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሽቶዋ ደስ ይላል፣ አነጋገሯም ደስ ይላል፤ ለአሥራ አራተኛ ፎቅ ሙቀት አስገባለሁ አለች፣ አሳንሰሩን አስጠግናለሁ አለች። እማማ ተነሥተው ብርድ ልብሱን ዘረጉ። ማራኪ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ልትነሣ ነው መሰላቸው።

"እማማዬ፣ ይቅርታ፣ ካሜራውን ከለሉት" አለች በፈገግታ።

ፎቀቅ አሉላት። ስትወጣም "አንቺን ነው የምመርጠው ልጄ" አሏት። ማታውን ሁሉ ከፋቸው። አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እሱም ካልያዘው ይህ ሁሉ ሰው ቤታቸው ወጥቶ ወርዶ አንድም ሰው አልመጣም ማለት ነው።

ሱራፌል የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ካሜራ የለም፣ ልዑል የሚባል አንድ ረዳት ብቻ ተከትሎታል። ነፋሱ መስኮቱን ያንገጫግጨዋል። ሱራፌል ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸው፣ ከቆሎውም ዘገነ። ረዳቱ ደንግጦ አየው፤ እሱ ግን ቃመው! እማማ ሄርሜላ ደስ አላቸው። ከአንድ ዕጩ ምን እንደሚፈልጉም አልጠየቃቸውም። ስለ ነፋሱ አወሩ፣ ስለ አሳንሰሩ አወሩ፣ ከዚያ ዝም ተባባሉ። ዝምታው አልከበደም። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚህ ቤት ከተሰማ አራት ዓመት አልፎታል።

ተነሡና ብርድ ልብሱን ያዙ።

ሱራፌል ተነሣ። አላያቸውም፣ አልጠየቃቸውም፤ ዝም ብሎ ጎንበስ አለና ሁለቱን ጫፍ ከመሬት አነሣ።

አራገፉት። የሱፉ ሽታ ቤቱን ሞላው። ብርድ ልብሱ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ተወጠረ፤ በሌላው በኩል ክብደት አለ፣ የሚጎትት እጅ አለ። እማማ ሄርሜላ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ይኸው፣ አሉ በልባቸው፣ ይኸው መጣ። ጫፍ ለጫፍ ሊያገናኙ ተጠጋጉ። እሱን ነው የምመርጠው አሉ፣ ይህንንስ ከልቤ ነው፣ መብራቱም ነጭ ይሁን፣ ሰውም ይቅር፣ አንድ ሰው መጥቶልኛል።

ያን ጊዜ ሱራፌል በግራ እጁ ያለውን ጥግ በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ቀልበስ አደረገው።

እማማ ሄርሜላ እጁን አዩ። ሊሆን ይችላል አሉ፤ ሰው እንዲህም ያጥፋል። ከማሸጊያ ክፍል ሌላ እንዲህ የሚያጥፍ ሰው አይጠፋም። ጫፉን ተቀበሉትና እንደገና ለሁለት አጠፉት፣ እንደገና ለአራት። ሱራፌል የታጠፈውን ብርድ ልብስ ወንበሩ ላይ አኖረ፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ፈገግ ብሎም አያቸው።

"ጥራት ያልፋል?" አለ።

ልዑል ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ማን ነገረህ?" አሉ እማማ ሄርሜላ።

"እማማ..."

"ይህንን ቃል ከኔና ከሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ማን ነገረህ?"

ሱራፌል ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህንን እማማም ያውቃሉ። "ልዋሽዎት አልችልም" አለ። "ግድግዳው አይቶ የቀረጸውን ሰጡኝ። የዘጠኝ ዓመት ነው። ጋሽ ኢዮስያስና እርስዎ ስታጥፉ። ሆቴል ውስጥ ከልዑል ጋር ሦስት ቀን ተለማመድኩት፣ በአንሶላ።"

"በአንሶላ።"

"ክፉ አስቤ አይደለም። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።"

"ደስ ብሎኛል እኮ!" አሉ እማማ ሄርሜላ። "ክፋቱ እሱ ነው። ደስ ብሎኛል።"

ሱራፌል አንገቱን ደፋ። ልዑል የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ሱራፌል በእጁ ከለከለው።

"ያንን ጥግ ለምን ነካኸው ልጄ? ጫፉን ብቻ ይዘህልኝ ቢሆን፣ እንደ ፈለግህ አበላሽተህ አጥፈህልኝ ቢሆን በቃኝ ነበር። የሱ ስሕተት የሱ ነበር። አርባ ዓመት የተጣላሁት በሱ ነው። አሁን ሞቶ አንተ ተለማምደህ አመጣህልኝ።"

"አጥፍቻለሁ።"

"አጥፍተሃል" አሉ። ከዚያ በሕይወታቸው ለእንግዳ ብለውት የማያውቁትን ቃል፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ አሉት። "አልመርጥህም።"

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የሌላ ሰው ቃል መሰላቸው። ከበሩ በላይ ያለው መብራት አንዴ ብልጭ አለና ነጭ ሆነ። ሱራፌል ተነሥቶ ጎንበስ አለ፣ እጃቸውን ሳመ፣ ጫማውን አደረገ። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ተመልሶ የሚመጣበት የተረሳ ዕቃም አልነበረም።

ቤዛዊት ወዲያው ደወለች። "ወሰኑ እማማ?"

"ወሰንኩ።"

"እንኳን ደስ አለዎት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንደውልልዎትም።"

"አንቺም?"

"እኔም። የምደውለው ላልወሰነ ሰው ብቻ ነው።" ቤዛዊት መስመሩን አልዘጋችም፣ ትንፋሽዋ ይሰማል። "ደህና ይሁኑ እማማ" አለች በመጨረሻ።

"አንቺም ደህና ሁኚ ልጄ። ውለጂ ክበጂ።"

ግድግዳው ማራኪ ደሳለኝ የፓርቲው ዕጩ መሆኗን አበሰረ። የሕዝብ ጭብጨባ አሰማ፣ ምስሏንም አሳየ። ከኋላዋ ደግሞ የእማማ ሄርሜላ ሳሎን ነበር፤ ካሜራውን ላለመከለል ፎቀቅ ሲሉ የለቀቁት ቦታ ባዶውን ይታያል። አገሪቱን የሚመራውን ሰው እኔ መረጥኩ ማለት ነው? አሉ። ብርድ ልብሴን ቀና ብላ አይታ ያለፈችውን! ይስቁ ወይ ያልቅሱ ጠፋቸው።

ኋላ ወንበሩ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አዩት። እንደዚያ ታጥፎ ሊተዉት አልቻሉም። አንሥተው አራገፉት፣ ያ የተቀለበሰ ጥግ እስኪፈታ ድረስ አራገፉት። ከዚያ ብቻቸውን ሊያጥፉት ያዙ። አንዱን ጫፍ በአገጫቸው፣ ሌላውን በእጃቸው። ወደቀ። አነሡት፣ እንደገና ወደቀ። መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ ሰብስበው። ነገ ጠዋት ግድግዳው እንደምን አደሩ ይላል፣ እሳቸውም አንተስ ይላሉ። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። በር የሚያንኳኳ አይኖርም፣ እስከሚቀጥለው ምርጫ አይኖርም፣ በሚቀጥለውም ምርጫ አይኖርም፤ እምቢ ማለት እንደሚችሉ መዝገቡ ዐውቋል። አለቀሱ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ከግድግዳው ማዶ ሰውዬው ሳለ። አክታ ያለበት የማታው ሳል ነው፣ ዛሬ ከሰዓቱ ቀደም ብሏል።

እማማ ሄርሜላ ልቅሷቸውን ገቱ። እንባቸውን በብርድ ልብሱ ጠረጉ። ልቅሶዬን ሰምቶ ይሆን? አሉ። እኔ የሱን ሳል ሰባት ዓመት ስሰማ እሱስ የኔን ምን ሲሰማ ኖረ? ይህንን አንድም ቀን አስበውት አያውቁም ነበር።

ተነሡ። ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩን ከፈቱ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኝ በየበሩ ነጭ መብራት፣ አሁን የሳቸውም ነጭ ነው። ብርድ ልብሱ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ስድስት እርምጃ ሄዱና 1407 ፊት ቆሙ። እጃቸውን አነሡ፣ መለሱት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ የዳሰሰች እጅ በር ለማንኳኳት አፈረች። እንደገና አነሡና አንኳኩ።

ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ።

"ወስኛለሁ!" አለ የደነገጠ የሽማግሌ ድምፅ። "ከሁለት ምርጫ በፊት ነው የወሰንኩት! መብራቱን እዩት፣ ነጭ ነው!"

"የኔም ነጭ ነው" አሉ። "ዕጩ አይደለሁም። ሄርሜላ እባላለሁ፣ የ1406ቷ ነኝ።"

"ጎረቤት?"

"ጎረቤት።"

ሳል። ከዚያ ወደ በሩ የሚጠጋ ነጠላ ጫማ። ከበሩ ወዲያ ቆመ፤ ትንፋሹ ይሰማቸዋል።

"ታዲያ ምን ይፈልጋሉ?" አለ ድምፁ።

ይህንን ጥያቄ ስንት ትልልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ለአንዱም አልመለሱለትም።

"ይህን ብርድ ልብስ ማጠፍ አቃተኝ" አሉ። "አንድ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

እማማ ሄርሜላ ጠበቁ። አበዛሁት እንዴ አሉ፣ ዞር ሊሉም ጀመሩ፣ ብርድ ልብሱን ከወለሉ ሰበሰቡ። ያን ጊዜ የመቆለፊያው ድምፅ ተሰማ፤ ብዙ ዘመን ያልተከፈተ ነገር ነውና ሁለት ጊዜ ተንገራግጮ ነው የተላቀቀው።

"ይቆዩኝ" አለ ሰውዬው በተከፈተችው ቀዳዳ። "ሱፍ ነው አይደል? እጄን ልታጠብ።"